ጨርቁን የምሰቅልበት ቦታ

ነቀምቴ ውስጥ ሠርግ ተጠርታችሁ ግድግዳ ሙሉ ምስል ካያችሁ፣ መሀሉ ላይም ከላይ እስከ ታች ነጭ ጨርቅ ከነአበባው ከወረደ፣ የኔ እጅ ነው። ሰው ፋሽን ይመስለዋል። የጎረቤት ከተሞቹ የሲሬና የአኖ ሙሽሮች ሳይቀሩ «ያ መሀሉ ላይ የሚንጠለጠለው እንዳይቀርብን» ይሉኛል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ከጨርቁ ሥር ስፌት አለ። ሁለት ፕሮጀክተር ጎን ለጎን አድርጌ አንድ ትልቅ ምስል ሳወጣ፣ ብርሃናቸው የሚደራረብበት ቦታ ላይ የነጣ ሰንበር ይቀራል። ማጥፋቱ ሲያቅተኝ ሸፈንኩት። ከስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ፣ እየነካካሁ የለመድኩት ሥራ ነው፤ እዚህ ድረስ ያደረሰኝም ያ ጨርቅ ነው።

የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን በዓል ሲደርስ ግን ሌላ ጣጣ መጣ። የአዳራሹ የፊት ግድግዳ ግራና ቀኙ ዝቅ ብሎ መሀሉ ወደ ጣራው ሽቅብ ይወጣል። ስለዚህ ሁለቱን ፕሮጀክተሮች እንደ ወትሮው አጋድሜ፣ ሦስተኛውን በጎኑ አቁሜ መሀል ላይ ማስገባት ነበረብኝ። የዝግጅቱ ኃላፊ፣ ሁላችንም «አዴ» የምንላቸው እናት፣ የልጃቸው ሠርግ ሲሬ ላይ ሊሆን ነው። «ይሄን ካሳመርሽልኝ ሠርጉም ያንቺ ነው» ብለውኛል። ያ ሠርግ ከእጄ እንዲወጣ አልፈልግም ነበር።

መጋረጃውን ዘግቼ ገባሁበት። ዘዴው የእያንዳንዱን ብርሃን ጠርዝ ማደብዘዝ ነው፤ ሁለት ድብዝዝ ሲደራረብ አንድ ሙሉ ብርሃን ይሆናል። የቆመውን «ቀኝ ጠርዝህን አደብዝዝ» ብዬ ሳዝዘው ግን ምስሉ ላይ ያለው የመሪ ዘማሪው እግር ጠፋ። «ግራ» አልኩት፣ ግንባሩ ጠፋ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሰውየውን በልተሽ ልትጨርሺው ነው እንዴ?» አሉ አዴ። እየሳቁ ስልካቸውን አወጡ። ለማን እንደሚደውሉ ገባኝ። ቢላ ከተማ ላለችው፣ የኔኑ ሥራ ለምትሠራው ሴት!

መጣች። አቧራ ያልነካው ላፕቶፕ፣ በሥርዓት የተጠቀለለ ገመድ። የኔ ገመድ በአሮጌ ቀሚሴ ቅዳጅ ነው የታሰረው፤ በእግሬ ገፋ አድርጌ ከወንበር ሥር ከተትኩት። ሁሉንም በኦሮምኛ የቤት ልጅ መስላ ሰላም አለች፤ አዴ አቅፈው አልለቅ አሏት። እኔን ደግሞ «እትዬ፣ እንዴት ዋልሽ?» አለችኝ። እትዬ! በስንት ነው የምበልጣት?

የቆመውን ማሽን አንዴ አየችና «ብታቆሚውም እሱ እንደተኛ ነው የሚያስበው» አለችኝ። «ያንቺ ቀኝ ለሱ አናቱ ነው። ግራሽ ደግሞ እግሩ።»

የማሽኑን አናት አደበዘዘች፣ እግሩን አደበዘዘች። ሰንበሩ ውሃ ላይ እንደጠብታ ወተት ሟሟ። እኔ ከኋላ ቆሜ፣ ጠጠር እንደምትለቅም ሴት ዓይኔን አጥብቤ እንከን ፈለግሁ። የለም። መብራት በጠፋ ብዬ ተመኘሁ፣ ያውም በጌታ ቤት ቆሜ! ሌላ ቀን በሰበብ አስባቡ የሚጠፋው መብራት ያን ቀን ፍንክች አላለም።

አዴ ተመልሰው ገቡ። ግድግዳውን ሽቅብ ቁልቁል አዩት፤ ፊታቸው አልፈካም።

«ኩን ማሊ? ይሄ ምንድን ነው? ጨርቁስ?»

«አያስፈልገውም፣ አዴ» አለች ከቢላ የመጣችው።

«እንዴት አያስፈልገውም? ራቁቱን ሊቀር ነው? ያለ ጨርቅ የት አገር አይታችኋል?»

ፈራሁ፤ አልዋሽም። ስፌት ስለሌለው ነው ብላ ብትናገር ገመናዬ መውጣቱ ነው። እሷ ግን ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። እኔም ጨርቄን አንስቼ መሰላል ወጣሁ።

ሁልጊዜ ሰንበሩን አይቼ፣ እሱ ላይ ነው የምሰቅለው። አሁን የት ልስቀል? እጄን ከጎኑ ብርሃን ወደ መሀሉ አሻገርኩ፤ አንድ ዓይነት ነው። መለስኩት፤ ያው ነው። ዘማሪው ትከሻ ላይ እጄን ጭኜ፣ ክንዴ እስኪዝል ቆምኩ። እንዲህ ያለ ነገር የኔ እጅ አለማውጣቱ ቆጨኝ።

«ምን ሆነሽ ነው?» አሉ አዴ ከታች።

«ቦታው ጠፋኝ።»

«እንግዲያ ለሲሬው ሁለታችሁም ትመጣላችሁ። እሷ ብርሃኑን፣ አንቺ ጨርቁን» ብለው ቆርጠው ወጡ።

ጨርቅ ሰቃይ ሆኜ ቀረሁ! እላይ ሆኜ ይህን ሳብሰለስል፣ ከቢላ የመጣችው ሴት ቀርባ የመሰላሉን እግር ያዘችልኝ። መጋጠሚያውን የምታውቀው እሷ ብቻ ነች።

«ትንሽ ወደ ቀኝ፣ እትዬ» አለች ቀስ ብላ።

«የኔን ቀኝ ነው» አልኳት፣ ሳልዞር፣ «ወይስ የሱን?»