አቧራ ለመለካት ጀርመን ድረስ

ከትውልድ ከተማዬ ከቁይ ልወጣ በዋዜማው ማታ፣ እማ በሶውንና ድርቆሹን በፌስታል ላይ ፌስታል እየደረበች ስትቋጥር፣ «አሁን አንቺ እዚያ ሄደሽ ምንድን ነው የምትሠሪው?» አለችኝ፤ ስንት ጊዜ ነግሬያት።

«ኮከብ የሚወለድበት ደመና አለ። ውስጡ ያለውን የማግኔት ኃይል በሬዲዮ ሞገድ እለካለሁ።»

«ወይ ጉዴ! የወለደችን ገንፎ ይዘው ይጠይቋታል እንጂ ማን ይለካታል?»

ሁላችንም በሳቅ ፍርስ አልን። እሷም ሳቀች፣ ወዲያው ደግሞ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች።

ጀርመን ስገባ የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጠው ሰውዬ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ የማጠናውን ጠየቀኝ። «በከዋክብት መሃል ያለ አቧራ» ስለው፣ «አገርሽ አቧራ ጠፍቶ ነው?» አይለኝ መሰላችሁ! እያረርኩ ሳቅሁለት። ምን ላድርግ፣ ማህተሙ በእሱ እጅ ነው።

ብርዱስ! የእኛ አገር የማርቆስ ብርድ እኮ ፀሐይ ስትወጣ ያፍራል፤ የዚህ አገሩ ይሉኝታ አያውቅም። ጎረቤቱም እንደ ብርዱ ነው፤ ደረጃ ላይ «ሃሎ» ይልና በሩን ይዘጋል። ልጆቹ ደህና፣ ከብቱ ደህና ብሎ ነገር የለም።

ሥራዬን ግን ወደድኩት። ማግኔት አይታይም። ነፋስንስ ማን አይቶት ያውቃል? ጤፉ ወደ አንድ ወገን ሲተኛ ነው የምናውቀው። ደመናው ውስጥ ያለው የአቧራ ብናኝም እንዲሁ ነው፤ ማግኔቱ ሲይዘው ይሰለፋል፣ ከእሱ የሚመጣው ሞገድም ባንድ አቅጣጫ ይርገበገባል። ያንን ሳህን በሚመስለው ትልቅ አንቴና እንለቅመዋለን። ብናኙ ከተዘበራረቀ ኃይሉ ደካማ ነው፤ ባንድ መስመር ከተሰለፈ ግን አንድ ብርቱ ነገር ይዞታል ማለት ነው።

ከፋሲካ በኋላ ስደውል እማን ማግኘት አቃተኝ። ወንድሜ አዲሱ፣ «ደህና ናት፣ ጠበል ሄዳለች፣ አታስቢ» አለኝ። አክስቴ ጋ ደወልኩ፤ «ደህና ናት፣ ጠበል ሄዳለች፣ አታስቢ።» የንስሐ አባታችንም ያችኑ ቃል። ያኔ ጠረጠርኩ። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ሰው ደህና ሲሆን ወሬው አይገጥምም፣ አንዱ ጉንፋን ይዟታል ሲል ሌላው ገበያ አየኋት ይላል። ለስደተኛ ደግሞ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሁሉም ይመካከርና ይደብቃል።

መልሼ ለወንድሜ ደወልኩ። «አዲሱ፣ በእመብርሃን ይዤሃለሁ፣ እማ መቼ ነው የተቀበረችው?»

 ቀስ ብሎ፣ «ማን ነገረሽ?» አለኝ።

ጮህኩ። እዚያ ቢሆን ግቢያችን በለቀስተኛ ይሞላ ነበር፤ እዚህ ከታች ያለችው ሴትዮ ዝም በይ ብላ ጣሪያዋን በመጥረጊያ እንጨት ትደበድባለች። ድምፄ ሲደክም አዲሱ «አለሽ?» አለኝ።

«አለሁ። እንዳትዘጋው።»

ስልኩን እንደያዘ ግቢው ውስጥ ተቀመጠ። ዶሮዎቹ ሲንጫጩ፣ የውጭው በር ሲጢጥ ሲል፣ አንዲት ጎረቤት «እንዴት ዋላችሁ» ብላ ስትገባ እሰማለሁ። ሁሉም አለ፤ የእማ ድምፅ ብቻ የለም።