የጦስኙ አደራ

ሰፈርተኛው ቢላዋው ይለዋል። ሠላሳ አራት ዓመት ሥጋ ቤት የቆመ፣ አንድ ታፋ አይቶ ስንት ኪሎ አጥንት እንዳለበት የሚናገር ሰው ነው። በዚህ ዓለም ላይ የሚያምነው አንድ ነገር ቢኖር የተቆረጠ ነገር ተመልሶ እንደማይነሳ ነው። እስቲ በዚህ ማን ይፈርድበታል? ከአፈር ጋር የተዋወቀው በስተርጅና ነው፤ እሱም ወዶ አይደለም፣ ሚስቱ ስለወደቀችበት ነው።

ከቤቱ ጀርባ፣ ከመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር ያለችው መሬት የእሷ ግዛት ነበረች። ሁለት አልጋ ቢዘረጋባት ትሞላለች። እሱ እዚያ የሚደርሰው ልብስ ሲያሰጣ ብቻ ነው፣ ያውም ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀው። በአንዱ ጥግ ናና፣ በሌላው ጥግ ጦስኝ አለ። ናናውን የተከለችው ቂጡ በተቆረጠ ባልዲ ውስጥ ነው፤ ባልዲውን አፈር ውስጥ ቀብራ፣ ጠርዙን ከመሬት ሦስት ጣት ከፍ አድርጋ። እሁድ እሁድ መቀስ ይዛ ትዞርና ጠርዙን ሊያልፍ ያሰበውን ቅርንጫፍ ሁሉ ትቆርጠዋለች። "ይሄን ጉድ አንድ ሳምንት ብተወው ሳሎን ገብቶ ይቀመጣል" ትል ነበር።

ጦስኙ ግን የእናቷ ነው። እናቷ የሞቱ ጊዜ ወንድሞቿ ቤቱንና ዕቃውን ሲካፈሉ፣ እሷ ከደጃፉ የነቀለችውን አንድ እፍኝ ጦስኝ ይዛ ወጣች። በወተት ጣሳ ውስጥ አድርጋው ሦስት የኪራይ ቤት ዞረች። ግንዱ ቀላ ያለ፣ ቅጠሉ ከምስር ፍሬ ያነሰ ነው። ባለፈች ባገደመች ቁጥር ትዳብሰውና መዳፏን ታሸታለች። ከእናቷ የቀራት ሌላ ነገር የለም፣ ፎቶግራፍ እንኳ።

ደም ግፊቱ ሲጥላት ቀኝ ጎኗን ይዞት ሄደ። ሆስፒታል በገባች ቀን እየተኮላተፈችም ቢሆን ትናገር ነበር። በግራ እጇ እጁን ጨብጣ፣ "ጦስኜን ናናው እንዳይበላብኝ። አደራ" አለችው። በማግስቱ አንደበቷ ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ ከአፏ የወጣ ቃል የለም።

ሁለት ወር ከርመው ሲመለሱ ናናው ባልዲውን ተሻግሮ የመሬቱን ግማሽ ይዞታል። ቢላዋው ደሙ ፈላ። ሚስቱን መስኮቱ አጠገብ በትራስ ደግፎ አስቀመጣትና፣ "አንቺ ተመልከቺኝ ብቻ" ብሎ ወጣ።

በዶማ ናናውን ከነአፈሩ ገለበጠው። ከዚያስ? የሙያ ነገር መቼ ይለቃል። ከሥጋ ቤት ይዞት የወጣውን የአጥንት መስበሪያ አመጣና ሥሩን መክተፊያ ግንድ ላይ እያስተኛ ከተፈው፤ ያንን ክር የመሰለ ነጭ ሥር ሁሉ፣ ጣት ጣት አሳክሎ። ደግሞ በእሱ ሥጋ ቤት የሚጣል ነገር አልነበረም፤ አጥንቱ ለውሻ፣ ሞራው ለሳሙና ይሄዳል። ስለዚህ የከተፈውን መልሶ መሬቱ ላይ በተነና "ለአፈሩ ምግብ ይሆናል" ብሎ አፈር አለበሰው። በጦስኙ ዙሪያማ አብዝቶ ነው የበተነው፣ እንዲጠነክርለት።

መስኮቱ ተንኳኳ። ቀና ሲል ሚስቱ በደህናው እጇ፣ በቀለበቷ፣ መስታወቱን ትመታለች፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ደስ አለው። በርታ ማለቷ ነው ብሎ ዶማውን ከፍ አድርጎ አሳያት። እሷ ግን አላቆመችም። "እየሠራሁ ነው እኮ፣ አንቺ ሴትዮ። ድሮም አለቃዬ ነሽ" ብሎ እየሳቀ መክተፉን ቀጠለ።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ናና በነበረበት አሥር በቀለ። እልህ ያዘው። እንደገና ገለበጠ፣ እንደገና ከተፈ፣ እንደገና በተነ። እሷም አንኳኳች። ማታ ሾርባ ሲያጎርሳት እንባዋ እየወረደ ጭንቅላቷን ግራና ቀኝ ትወዘውዛለች፤ እሱ የሕመሟ ነገር መስሎት "አይዞሽ፣ ይሻልሻል" ይላታል። ሰው የሚወደውን ሰው አጠገቡ ቁጭ ብሎ ሳይሰማው እንዲህ ይከርማል። አራት ወር ሄደ።

ሲደክመው የአረም መርዝ ሊገዛ መንገድ ዳር ችግኝ የምትሸጥ ልጅ ዘንድ ሄደ።

"አባቴ፣ እስከ ዛሬ እንዴት ነበር የሚያጠፉት?" አለችው።

ነገራት። አከታተፉን በእጁ ሳይቀር አሳያት፤ ትንሽ ኩራት ቢጤም ነበረው። ልጅቷ ሳቀች። ፊቱን ስታይ ግን ሳቋን ዋጠችው።

"ናና እኮ ከሥሩ አንድ ጣት ካገኘ ይበቅላል። አይከተፍም። ሥሩን በጣት እየተከተሉ፣ ሳይበጥሱ፣ እስከ ጫፉ ስበው አውጥተው ፀሐይ ላይ ያደርቁታል። እርስዎ እኮ ሲዘሩት ነው የከረሙት።"

መርዙን ሳይገዛ ተመለሰ። መንገዱን እንዴት እንደመጣው አያውቅም። ቀጥታ መኝታ ቤት ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"ስታንኳኪ የነበረው ተው ስትይኝ ነው?"

ጭንቅላቷን አንዴ ዝቅ አደረገች።

ወጥቶ ተንበረከከ። ዶማም መስበሪያም አላነሳም። ሥሩን በጣቱ እየተከተለ፣ እንዳይበጠስበት እየተጠነቀቀ፣ ክንድ ክንድ የሚያህለውን እየሳበ አወጣ። በዚያን ቀን መስኮቱ አልተንኳኳም። ጦስኙ ያለበት ጥግ ሲደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ናናውን ገለጥ ቢያደርግ ያ ቀላ ያለው ግንድ ጠቁሯል። ነካ ሲያደርገው እንደ ክብሪት እንጨት ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ሥሩ ድረስ ቆፈረ፤ እሱም ደርቋል። እዚያው አፈሩ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ፣ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ።

በማግስቱ ችግኝ ሻጯ ዘንድ ተመልሶ አንድ ጦስኝ ገዛ። ከጓዳ የወተት ጣሳ ፈልጎ እሱ ላይ ተከለውና፣ አፈሩን በእጁ ደልድሎ፣ ይዞላት ገባ።

"ይኸው፣ ተረፈልሽ" አላት። "አንዲት ሥር ከታች ቀርታ ኖሯል።"

በግራ እጇ ተቀበለችው። ቅጠሉን አሸት አድርጋ አሸተተችው። ግንዱን ገለጥ አድርጋ አየችው፤ አረንጓዴ ነው። ከዚያ እሱን አየችው።

"መልኩ ትንሽ ተለውጧል" አለ ቶሎ ብሎ። "ጥላ ሥር ስለቆየ ነው እንጂ፣ ፀሐይ ሲያገኝ መቅላቱ አይቀርም፤ እንደውም ያቺ ልጅ ምን አለችኝ መሰለሽ…"

ሚስቱ ጣሳውን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና በቀለበቷ የጣሳውን ጎን መታች። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

ይሄን ጊዜ ገባው። ማውራቱን ተወ።