ጋሽ ቶንቾ በጥቁር ክፈፍ

ሐሙስ ጠዋት፣ ዝናቡ መሬቱን ሲደበድብ፣ ሚግሌና በማተሚያ ቤቱ መስኮት ወደ መንገዱ እያየች ነበር። ካፖርት የለበሱ አንድ ሽማግሌ ጃንጥላቸውን ለአሮጊቷ እማማ ቴሜኑጋ ይዘውላቸው፣ የራሳቸው ጀርባ እየራሰ፣ የመብራት ምሰሶ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ያነቡላቸዋል። እማማ መነጽራቸውን ረስተው ነው የወጡት። «ተመስገን፣ ደግ ሰው ገና አልጠፋም» አለች በልቧ። ወረቀቱንም አወቀችው፤ ትናንት ያተመችው እሷው ናት።

ሽማግሌው ዞር ሲሉ ፊታቸውን አየች። ጋሽ ቶንቾ ናቸው። የሚያነቡትም የራሳቸውን ወረቀት ነው።

በዚህች የጥቁር ባሕር ዳር ከተማ ጋሽ ቶንቾን የማያውቅ የለም፤ በካፖርት የሚያውቃቸው ግን ጥቂት ነው። ሠላሳ ስምንት በጋ፣ ከእንጨት ማማ ላይ በቀይ ቁምጣ ተቀምጠው፣ የሰጠመ ሲያወጡ ኖረዋል። ሚግሌናንም በዘጠኝ ዓመቷ አውጥተዋታል፤ ከዚያ ወዲህ ውሃ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ አልነካትም። በጋው ሲያልፍ ደግሞ በትምህርት ቤቱ ስፖርት ያስተምራሉ፤ ከትምህርት በኋላ ጣሪያ ባለው ገንዳ ትንሹንም ትልቁንም ዋና ያሰለጥናሉ። ዘንድሮ ግን ማዘጋጃ ቤቱ «እስከ እሑድ አሥር ሰው ካልተመዘገበ የዋናው ክበብ ይዘጋል» አለ። ጋሽ ቶንቾ በየበሩ ቢያንኳኩም ያገኙት ስድስት ሰው ብቻ ነው። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርት ተስፋ ቆርጣ የስንብት ምስጋና አሳተመችላቸው።

ሚግሌና ወደ ውጭ ወጣች።

«ማንን ነው የወሰደብን ልጄ?» ይላሉ እማማ ቴሜኑጋ።

«ቶንቾን ነው እማማ።»

«የትኛውን ቶንቾ? ዓሣ ሻጩን?»

«የለም፣ የዋናውን አሰልጣኝ።»

«ወይኔ! ያ በፊሽካው ጆሮዬን ሲያደነቁረኝ የኖረው? ምን ሆኖ ሞተ?»

«እሱን አልጻፉትም።»

«ታውቀው ነበር?»

«አብሮ አደጌ ነው።»

«እግዚአብሔር ያጽናህ!» ብለው እጃቸውን ጨበጡና እያለቀሱ ሄዱ።

ሚግሌና ወረቀቱን ቀና ብላ አየች። ፎቶ። ስም። «ከባሕር አፍ ያወጡንን አሰልጣኛችንን መቼም አንረሳም።» ዙሪያውን ደግሞ ጣት የሚያህል ጥቁር ክፈፍ፣ ከላይ መስቀል። ሃያ ሦስት ዓመት የሞት ማስታወቂያ ሲሠራ የኖረ እጇ፣ ፎቶና ምስጋና ሲያይ፣ እሷን ሳያማክር ክፈፉን ጨምሮበታል። ለጣፊውም ምንም አልጠየቀም፤ እዚህ አገር የሽማግሌ ፎቶ ምሰሶ ላይ የሚወጣው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው።

«ጋሼ! ገደልኩዎት!»

«ፎቶው ግን ጥሩ ነው» አሉ ጋሽ ቶንቾ። «በሕይወቴ እንዲህ አምሮብኝ አያውቅም።»

ወረቀቱን ቀድዳ ሳትጨርስ ፖስተኛው ከብስክሌቱ ወረደ። «አንቺ! የሙት ወረቀት ይቀደዳል?»

«ሙት አይደሉም! ይኸው ቆመዋል!»

ፖስተኛው ከባርኔጣው ሥር ጋሽ ቶንቾን ከላይ እስከ ታች አያቸው። «ወንድማቸው ነዎት? ቁርጥ እሳቸውን! ነፍስ ይማር።»

ዳቦ ጋጋሪውም ከበሩ ወጥቶ ትኩስ ዳቦ እጃቸው ላይ አኖረ፤ «ለቶንቾ ነፍስ ይሁን።» ጋሽ ቶንቾ ቆርሰው ለሚግሌና ሰጧት። «ብዪ፤ ስለ ነፍሴ የመጣ ነው።»

እሷ አንዱን ስትቀድ ከተማው ቅጂ እያባዛ ሁለት ይለጥፋል። ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ከሻማ መትከያው ታችኛው የአሸዋ ሣጥን ላይ፣ የሙታን ሻማ በሚተከልበት፣ የጋሽ ቶንቾን ፎቶ የከበቡ ሰባት ሻማዎች አገኘች። ሳታጠፋ አንድ በአንድ እያነሳች የሕያዋኑ ወደሚበራበት ወደ ላይኛው አዛወረቻቸው። «ጌታ ሆይ፣ አንተ ታውቃለህ የት እንዳሉ» አለች፤ ልቧም ትንሽ ቀለል አላት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ከተማው ጋሽ ቶንቾን ሊሰናበት የአበባ ጉንጉን ይዞ ወደ ባሕሩ ወረደ። እማማ ቴሜኑጋ በስኳር የተለወሰ የስንዴ ንፍሮ በሳፋ አስይዘዋል። ፖስተኛው ጉሮሮውን ጠርጎ ንግግሩን ሊጀምር ሲል ፊሽካ ተነፋ።

ጋሽ ቶንቾ በዚያ ብርድ፣ በቀይ ቁምጣቸው፣ ማማው ላይ ቆመዋል።

የጮኸ የለም። የሸሸም የለም። ከተማው በሙሉ ከልጅነቱ እንደለመደው በቁመቱ ተራ ተሰለፈ፤ ጉንጉኑን የያዙት ሰዎች እንኳ አጭሮቹ ወደ ፊት ወጡ።

«እኔ ከማለዳ ጀምሬ ንፍሮ ስቀቅል!» ብለው ጮኹ እማማ ቴሜኑጋ። «አሁን ማን ሊበላው ነው?»

«እኔ እበላዋለሁ እማማ» አሉ ጋሽ ቶንቾ። «ያለቀሳችሁልኝ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማልቀስ ግን ገንዳ አያስከፍትም። አራት ስም እፈልጋለሁ።»

ሰልፉ ጫማ ጫማውን አየ። «ወገቤ…» አለ አንዱ። «ጉልበቴ…» አለ ሌላው።

«ለመሞቴ ሲሆን ጉልበት ነበራችሁ!»

ዳቦ ጋጋሪው አፍሮ የመመዝገቢያው ወረቀት ላይ ፈረመ። ፖስተኛውም ንግግሩን ወደ ኪሱ መልሶ ፈረመ። እማማ ቴሜኑጋ በሰማንያ ዓመታቸው ወረቀቱን ነጠቁ፤ «ንፍሮዬ በከንቱ ከሚቀር!»

ተመዝጋቢው ዘጠኝ ሆነ። ፀሐይ ወደ ኮረብታው እያዘቀዘቀች ነው፤ ወረቀቱን ሊረከብ የመጣው የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ሰዓቱን ያያል። ሰው አንድ በአንድ መበተን ጀመረ።

ሚግሌና ከአሸዋው ዳር፣ ማዕበሉ ከማይደርስበት፣ ቆማለች። ጋሽ ቶንቾ ከማማው ወርደው፣ እየተንቀጠቀጡ፣ ወደ እሷ መጡ።

«ስለ ክፈፉ ይቅር ይበሉኝ ጋሼ።»

«ይቅር ብያለሁ። አንቺ ባትገድይኝ ከስድስት ሰው አልወጣም ነበር።» ብዕሩን ዘረጉላት። «ያኔ ሳወጣሽ ዋና ሳላስተምርሽ ለቀቅኩሽ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። አሁን አንድ ነገር ላስቸግርሽ፤ ስምሽን እዚህ ጻፊልኝ። ብቻ አደራ፣ ጥቁር ክፈፍ እንዳታደርጊበት።»