የእሷ ተራ

መቼ እንደጀመረኝ አጥርቼ አላስታውስም። የባለቤቴ ተዝካር ሳይወጣ ይሁን ከወጣ በኋላ፣ ገብሱ ሲያሸት ይሁን ገና ሲበቅል፣ ብዙ ጊዜ ለማውጣት ሞክሬ አልሆነልኝም። የማውቀው ጧት መሆኑን ነው። ከጉና የሚወርደው ብርድ በበሩ ስንጥቅ ይገባ ነበር።

እኔና እሷ ልጆቹን ሁሉ ድረን ስንጨርስ በስተርጅና ቆርበናል። በእኛ አገር ይህ የተለመደ ነው፤ የወጣትነቱ ነገር ሲያልፍ ባልና ሚስት ለነፍስ አባታቸው ነግረው ሥጋ ወደሙ ይቀበላሉ፤ ከዚያ ወዲያ ኑሮው ሌላ ነው። እንደ ልብ አይበላም፣ እንደ ልብ አይናገሩም። ጧት እህል ውኃ ሳይቀመስ ጸሎት ይደረሳል። እኔ ፊደል ሳልጨርስ እርሻ የገባሁ ሰው ነኝ፤ ዳዊት አልደግምም። እሷም አልተማረችም። የነፍስ አባታችን ይህን አይተው አባታችን ሆይን፣ ሰላም ለኪን፣ ከዚያም አርባ አንዱን እግዚኦታ ሰጡን። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ነው፣ አርባ አንድ ጊዜ።

እግዚኦታዋን እየተቀባበልን ነበር የምንላት። አንድ እኔ፣ አንድ እሷ። እኔ ወደ ምሥራቅ ዞሬ እቆማለሁ፤ እሷ ጉልበቷን ስለሚያማት ምሰሶውን ይዛ ከኋላዬ ትቆማለች። መዳፏ ያረፈበት የምሰሶው ገላ ቅቤ እንደተቀባ ለስልሶ ነበር። እኔ ብቸኩል እሷ ታዘግማለች። አንድ ቀን በሬ ለመጥመድ ብዬ ስሮጥበት ጊዜ በተራዋ ፋንታ፣ «ሰውየ፣ ጌታን እየለመንኸው ነው ወይስ እየነዳኸው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አልቸኮልሁም።

ሳንባዋን ታማ ከሞተችብኝ በኋላም እንደዚያው ቆምሁ። የራሴን ተራ እላለሁ፣ ዝም እላለሁ፣ ደግሞ የራሴን እላለሁ። ሆነ ብዬ አይደለም፤ አፌ የሚያውቀው ያንን ነው። ጓደኛው የሞተበት በሬ ብቻውን ሲሄድ እንኳ የቀንበሩን ወዲያኛ ጎን ትቶ እንደሚሄደው ማለት ነው።

በዚያች ዝምታ መሐል ነው አንድ ጧት የሰማኋት። ከምሰሶው በኩል፣ «ክርስቶስ» የምትለዋን እንደ ልማዷ ጎትታ፣ በዚያ ጎርነን ባለ የደከመ ድምፅዋ። አልዞርሁም። ብዞር የማገኘው ምሰሶውን ብቻ እንደሆነ አውቀዋለሁ። ጋጥ ውስጥ ያለችው ላም ጆሮዋን አቁማ ነበር።

ከዚያ በየጧቱ ሆነ። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። እያደር ግን ነገሩ ተገለበጠ። አባታችን ሆይን ሮጥ ሮጥ አድርጌ እግዚኦታው ላይ ለመድረስ እጣደፋለሁ። ሲያልቅብኝ እንደገና እጀምራለሁ። የቤተ ክርስቲያኑን የጧት ኪዳን እንኳ እየተውሁ ቤት መቅረት ጀመርሁ። ስነሣ የማስበው እግዚአብሔርን ሳይሆን ድምፁን ሆነ። የቆረብሁ ሰው ነኝ፤ ዕድሜዬም ወደ ማብቂያው ነው፤ ጸሎቴን ለማን እንደማደርሰው ካላወቅሁ ምን ይዤ እሄዳለሁ? ሰይጣን በሚወዱት ሰው ድምፅ ይመጣል ሲሉም ሰምቻለሁ። ለነፍስ አባቴ እንዳልነግራቸው፣ ተው ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።

ለፍልሰታ ደብረ ታቦር ከተማ ያለችው ሁለተኛዋ ልጄ መጣች። ሱባኤዋን በየዓመቱ የምትይዘው ከእናቷ ጋር ነበር። በመጀመሪያው ጧት ከኋላዬ ቆማ ጸሎቴን ሰማች። ስጨርስ ሣቅ ብላ፣

«አባየ፣ መሐል መሐል ላይ ቁጥሩ ይጠፋብዎታል እንዴ?» አለችኝ።

ልዋሽ አስቤ ነበር። ጾም ነው አልሁና ነገርኋት። ሣቋ ጠፋ። እሷ ምንም እንዳልሰማች ነገረችኝ፤ ግን አላፌዘችብኝም። በማግስቱ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ቤተ ክርስቲያን ይዛኝ ወጣች።

የነፍስ አባቴ በዕድሜ ልጄ ይሆናሉ፤ ማሳችን ይዋሰናል። ቅዳሴ ሲያልቅ ከቅጽሩ ጥድ ሥር ተቀምጠው ሰሙኝ። አልተቆጡም። ድምፅዋ ምን ይመስላል ብለው ጠየቁኝ፤ የደከማት ይመስላል አልኋቸው።

«የሞተ ሰው ሥራው አብቅቷል፣ አባቴ» አሉኝ። «አሁን አንቱ ነዎት ለእሷ የሚሉላት። ከነገ ጀምሮ የእሷንም ተራ ራስዎ ይበሉ። ክፍተት አይተዉ።»

«ድምፁ ቢመጣስ፣ አባ?»

«ይለፉት። እሷ ከሆነች ደስ ይላታል። ካልሆነች ይሄዳል።»

ሲሉት ቀላል ነው። በማግስቱ የእኔን አልሁና በእሷ ተራ ስደርስ አልወጣ አለኝ። ቦታዋን የምቀማት፣ ሁለተኛ የምቀብራት መሰለኝ። ልጄ ከኋላዬ ቆማለች፤ ልትለው ትችል ነበር፣ አላለችውም። ጠበቀችኝ። እንደ ምንም ብዬ አወጣሁት፤ እያለቀስሁም ጨረስሁት።

ድምፁ አልመጣም። ከዚያ በኋላም አልመጣም። ቤቱ እንደ ባዶ ጎተራ ጭው አለብኝ። የባሰው ነገር ልቤ የገባው ያን ጊዜ ነው። ካልሆነች ይሄዳል ብለዋል፤ ይኸው ሄደ። እንግዲያ ያን ሁሉ ጧት ከኋላዬ ቆሞ ሲመልስልኝ የነበረው ማን ነው? ምሰሶውን መንካት ፈራሁ። በቀን እንኳ ጀርባዬን ሰጥቼው አልቀመጥም ነበር።

ጾሙ ተፈትቶ ልጄ ዕቃዋን ስትሸክፍ ይህንኑ ነገርኋት። ድንች እየመረጠች ጆንያ ውስጥ ትከት ነበር። ቀና ሳትል፣

«እናቴ ደስ ሲላት ትናገር ነበር እንዴ?» አለችኝ። «የምትናገረው ሲከፋት ነው። ደስ ካላት ዝም ነው።»

እውነቷን ነው። ልጆቹን ስንድር፣ ጭፈራው ሲቀልጥ፣ እሷ ጥጓን ይዛ ዝም ትል ነበር፤ ሰው አመማት ወይ እያለ ይጠይቀኝ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ አብሬያት ኖሬ ይህን ሳላስበው ቀረሁ።

አሁንም ጧት እነሣለሁ። የእኔንም የእሷንም እላለሁ፤ ከዚያ ኪዳን እሄዳለሁ። ጥርጣሬው ጨርሶ አልለቀቀኝም። አንዳንድ ጧት ዝምታው የደስታ ይመስለኛል፣ አንዳንድ ጧት ደግሞ የባዶ ቤት ነው። ያም ሆኖ ሳላቋርጥ እጨርሳለሁ። መንገዱን ያሳዩኝ የነፍስ አባቴ ናቸው። እጄን ይዛ ያሻገረችኝ ግን ደብረ ታቦር ባጃጅ መቆሚያው አጠገብ ቅቅል ድንች የምትሸጠው ሁለተኛዋ ልጄ ናት።