ብርሃን ያየ ሻጋታ

ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ ውስጥ፣ በቆሎ የምትጠብሰው ሴት ከምትቀመጥበት ጥግ፣ ዝናብ የመታው የቆረቆንዳ ክምር አየሁ። እሳት የለበለበው ቆረቆንዳ ላይ ብርቱካንማ ሻጋታ እንደ ዱቄት ተነስንሶበታል። ሴትዮዋ «እማማ፣ ምን ጠፋብዎት?» እስክትለኝ ድረስ ቆሜ ቀረሁ። የጠፋብኝ ነገር የለም። ያንን ቀለም ስለማውቀው ነው።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ሻርጃ ነበርኩ። አንድ ቪላ ውስጥ ሦስት ዓመት በቤት ሠራተኝነት ከሠራሁ በኋላ ሀያት አብራኝ ልትሠራ መጣችብኝ። የደሴ ልጅ ናት፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች፣ ረጋ ያለች። እኔ ከሰባተኛ ያቋረጥኩ ነኝ። የማዳም ልጅ መርየም ዩኒቨርሲቲ የምታጠናው ስለ ሻጋታ ነበር። በሐምሌ፣ እዚህ ዝናቡ ሲያጥለቀልቅ እዚያ ከደጅ ሲወጡ ሙቀቱ ዓይን በሚያቃጥልበት ወር፣ ትምህርት ሲዘጋ ሻጋታዋን ክዳን ባላቸው የመስታወት ሳህኖች ይዛ ቤት መጣች። ግማሹን መስኮት ሥር ደረደረች። ግማሹን በጥቁር ጨርቅ ጠቅልላ ከደረጃው ሥር ባለችው መስኮት አልባ ዕቃ ቤት ቆለፈችበት። ቁልፉን ለሀያት ሰጠቻት።

ያን ደረጃ ሦስት ዓመት የወለወልኩት እኔ፤ ቁልፉ ግን ከመጣች ገና ሦስት ወሯ ለሆነ ልጅ። እርር ድብን አልኩ። ዓርብ ዓርብ በመኪና ወደ አጅማን ባሕር ዳርቻ ስንሄድ ሀያት ከመርየም ጎን ተቀምጣ ስለ ሻጋታ ታወራለች፤ እኔ ከኋላ የሩዝ ድስት ታቅፌ የዓሣው ቅመም እየሸተተኝ እሄዳለሁ። ይባስ ብሎ መርየም «መስከረም ላይ ቤተ ሙከራችን ውስጥ ሹግል አገኝልሻለሁ» ብላ ሥራ ቃል ስትገባላት ሰማሁ። መቅናት ያሳፍራል ይላሉ፤ እኔን ያን ጊዜ ያሳፈረኝ ድስቱ ነበር።

አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ ሀያት ልብስ ልታሰጣ ሰገነት ስትወጣ፣ ቁልፉን ከትራሷ ሥር አነሳሁ። እሷን ይህን ያህል ያስከበራት ነገር ምን እንደሆነ ማየት ፈለግኩ። በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ የአንዱን ሳህን ጨርቅ ፈታሁ። ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ነው፤ ሌላ ምንም የለም። «ለዚህ ነው?» ብዬ ሳቅኩ። መልሼ ጠቅልዬ አሰርኩት፣ በሩንም ቆለፍኩ። ማን ያየኛል?

በማግስቱ ሳህኑ ብርቱካንማ ሆኖ ተገኘ።

መርየም ሁለታችንንም ጠራችን። «ሀያት፣ ይህን ከፍተሽዋል?»

«ዋላሂ አልከፈትኩም።»

መርየም ሳህኑን ከፍ አድርጋ አሳየችን። «ይህ ብርሃን አይቷል። ውስጡ ቀለም የሚያሠሩ ዘረመሎች አሉ። ጨለማ ውስጥ ዝም ይላሉ፤ ብርሃን ሲነካቸው ይነቃሉ። ጥቂት ደቂቃ ይበቃቸዋል፤ ቀለሙ የሚወጣው ግን ቆይቶ ነው።» ቀጥላ፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ፣ «ቁልፉ አንቺ ጋ ነበር» አለቻት።

ሀያት አንድ ጊዜ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ አቀረቀረች። እኔ ዓይኔን ሳህኑ ላይ ተከልኩ። የቤተ ሙከራው ሥራ ቀረ፤ ቁልፉም ለእኔ ተሰጠ። ስቀበል ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ከሰዓት በኋላ ልብስ ስናጣጥፍ ሀያት ቀና ሳትል «እትዬ፣ እኔ ጨርቁን የማስረው በአንድ ቋጠሮ ነው። ዛሬ ሁለት ሆኖ ነው ያገኘሁት» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ብናገር አንቺን ወደ አገር ይመልሱሻል። ኸላስ፣ ይቅር።»

ከወር በኋላ አጅማን ሌላ ቤት ገባች፤ ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ያን ሳህን ነጭ ይሆን እንደሆነ ብዬ ስንት ቀን ጨለማ ውስጥ አቆየሁት። አልሆነም።

ከሴትዮዋ አንድ የተጠበሰ እሸት ገዝቼ ወደ ቤቴ አዘገምኩ። ዛሬም በሀያት እቀናለሁ። ያኔ በቁልፏ ነበር፤ ዛሬ በዝምታዋ ነው። በእሷ ቦታ እኔ ብሆን ኖሮ፣ መርየም ገና ሳትጠይቀኝ የሀያትን ስም እጠራ ነበር።