ቦዲል እና ሁለቱ ግመሎች

ቦዲል ራውንኪልደ ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ዓይኗ ከጠፋ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ተንኮሏን ግን ምንም አልነካውም። ባለፈው ሰኔ ማኅበራችን ወደ ኤሮ ደሴት ባዘጋጀው የሽርሽር ጉዞ ላይ አብራን መጣች። ጉዞው ለማንም ክፍት ነው፤ የሚያይም የማያይም፣ የሚራመድም እንደኔ እግሩ እንቢ ያለውም ይመጣል። አራት ቀን ብስክሌት እንነዳለን፣ አንድ ቀን ደግሞ ካያክ በሚሏት ቀጭን ጀልባ ባሕር ላይ እንቀዝፋለን። እኔ በእጅ የሚዘወር ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት አለኝ። ቦዲል ሁለት ሰው የሚነዳው ብስክሌት ላይ፣ የኋላው ወንበር ደረሳት።

ወደ ደሴቲቱ በሚወስደን መርከብ ላይ አጠገቤ ተቀምጣ ምስጢሯን ነገረችኝ። ለሃያ ሁለት ዓመት የኤሮ ፖስተኛ ነበረች፤ ደሴቲቱን ለቃ ከሄደች ሃያ ዓመት ሆኗታል። «ለማንም እንዳትናገር» ብላ ጨው ጨው የሚል ጥቁር ከረሜላ አንድ እፍኝ ሰጠችኝ። እኔ ደግሞ በከረሜላ የምገዛ ሰው ነኝ።

ብስክሌቱ ላይ ከፊቷ የተቀመጠው ቶርኪል ጡረታ የወጣ የሕንፃ ተቆጣጣሪ ነው። ደግ ሰው ነው፣ አፉ ግን አያርፍም። ያየውን ሁሉ ካልተናገረ ያየው አይመስለውም። ገና ከወደቡ ሳንርቅ ጀመረ።

«በስተግራዎ ዛፍ አለ፣ ወይዘሮ ቦዲል።»

«የምን ዛፍ?»

«ትልቅ ዛፍ ነው። አሁን ደግሞ በእርስዎ በቀኝ በኩል አጥር አለ።»

«አንቺ በለኝ» አለችው። «እርስዎ ስትል ከኋላዬ ሌላ ሴትዮ የተቀመጠች ይመስለኛል።»

ሦስት ኪሎ ሜትር ሙሉ ስለ ዛፍና ስለ አጥር ሰማች። ከዚያ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ቶርኪል፣ አንተ ዝም በል፤ እኔ ልንገርህ። አሁን በቀኝ በኩል ጣሪያው የሣር የሆነ ነጭ ቤት ይመጣል። በሩ አረንጓዴ ነው። ዳገቱን ስንጨርስ ደግሞ የንፋስ ወፍጮ አለ።»

ነጩ ቤት ከነአረንጓዴ በሩ ብቅ አለ። ብስክሌቱ ቦይ ውስጥ ከመግባት ለጥቂት ዳነ።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ግድግዳ ነፋስ ይመልሳል። ጆሮ ላለው ሰው ይሰማል።»

«እሺ፣ አረንጓዴነቱስ?»

«አረንጓዴ ትንሽ ይቀዘቅዛል። ቀይ ቢሆን ፊቴን ይሞቀኝ ነበር።»

እኔ ከኋላ ሆኜ ሳቄን ለመዋጥ ከረሜላ ጎረስኩ። ወፍጮውም በቦታው ቆሞ ተገኘ። እራት ላይ ቶርኪል ሹካውን አስቀምጦ ነገሩን ለሁላችንም አወራ። «ሳይንስ ያልደረሰበት ነገር ነው» አለ። ቦዲል አንገቷን ደፍታ፣ ቅድስት መስላ፣ ድንቿን ትቆርጣለች።

በማግስቱ ኢንገሊስ የምትባል አሮጊት መንገድ ዳር እንጆሪ የምትሸጥበት ቦታ ላይ ቆምን። ቦዲል ከመሪያችን ከማረን ጋር እጇን ልትታጠብ ወደ ጓሮ ሄደች። አሮጊቷ ወደ ቶርኪል ጠጋ አለች።

«ያቺ ሴትዮ የኛዋ ቦዲል አይደለችም እንዴ? ፖስተኛዋ! እዚህ ደጅ ስንት ዓመት ተመላለሰች መሰለህ። በራችንን ከኛ ይበልጥ ታውቀዋለች።»

የቶርኪል ጆሮ እንደ እንጆሪው ቀላ። አሁን ፈነዳ ብዬ ጠበቅሁ። አልፈነዳም። አንድ ሣጥን እንጆሪ ገዝቶ፣ እንደቆመ፣ አንድ በአንድ ጨረሰው። ከዚያ ብስክሌቱ ላይ ወጣ።

«ቦዲል።»

«አቤት።»

«ግራው ሜዳ ላይ ግመል አለ።»

«ምን አልክ?» አለች ከኋላ።

«ግመል። ሣር ይግጣል።»

ብዙ ከሄድን በኋላ ደግሞ፣ «መልኩ ምን ዓይነት ነው?» አለች።

«ቡናማ ነው። ቀዝቀዝ ያለ ቡናማ።»

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ከእራት ስንነሳ ግን ቦዲል ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች። «አስገር፣ አንተ መቼም አትዋሸኝም። እዚህ ደሴት ላይ ግመል አለ?»

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ምላሴ ቀደመኝ። «ሁለት ናቸው» አልኳት።

በሦስተኛው ቀን ቶርኪል ባሰበት። ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ባለ አሥር ፎቅ ሆቴል በአፉ አቆመ። የዓሣ አጥማጆቹን ጎጆዎች አፍርሶ የገበያ አዳራሽ ሠራ። ዕድሜ ልኩን የሰው ሕንፃ ሲቆጣጠር የኖረ ሰው በአንድ ጠዋት የራሱን ከተማ ገነባ። ቦዲል መጀመሪያ ተከራከረች፣ ቀጥላ ጠየቀች፣ በመጨረሻ መጠየቁንም ተወች። ምሳ ላይ በጢስ የበሰለ ዓሣ በጥቁር ዳቦ አድርጌ ሰጠኋት፤ ነፍሷ ነው፣ ግን አልነካችውም።

«ዓይኔ ሲጠፋ ብዙ አላለቀስኩም» አለችኝ ቀስ ብላ። «ይህቺን ደሴት ከነበሮቿ ከነአጥሮቿ ጭንቅላቴ ውስጥ ይዣት ነበር። እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ተኝቼ ፖስታ አድላለሁ። አሁን ለማን ነው የማድለው? ለሆቴሉ?»

ሄጄ ለቶርኪል ነገርኩት። «ነገ ባሕር ላይ እነግራታለሁ» አለ። «እዚያ ጥላኝ መሄድ አትችልም።»

ባሕሩ ጸጥ ብሎ ጠበቀን። እነሱ ባለ ሁለት መቀመጫ ካያክ ይዘዋል፤ ቦዲል ከፊት፣ ቶርኪል ከኋላ። እኔ ሰፋ ባለችው ላይ ለብቻዬ ሆኜ አጠገባቸው እቀዝፋለሁ።

«ቦዲል፣ ግመል የለም» አለ ቶርኪል።

መቅዘፊያዋን አቆመች። «የትኛው ነው የሌለው? አንደኛው ወይስ ሁለተኛው?»

«ሁለተኛው? ሁለት ናቸው ያለሽ ማነው?»

እኔ በፍጥነት አድማሱን መመልከት ጀመርኩ።

ቶርኪል ሁሉንም ተናዘዘ፤ አሮጊቷ የነገረችውን፣ ሆቴሉን፣ አዳራሹን። ቦዲል አዳምጣ ስትጨርስ ውኃውን በመቅዘፊያዋ ጠፍጣፋ መታችው። ቶርኪል ከራሱ እስከ ወገቡ ራሰ። ሁለተኛው ምት የኔ ነበር። ለማታይ ሴት አነጣጠሯ ጉድ ያሰኛል።

«ውሸታሞች!» አለች፤ ፊቷ ግን በርቷል። «የአጥማጆቹ ጎጆዎችስ?»

«ቆመዋል።»

«ቤተ ክርስቲያኑስ?»

«በቦታው ነው። አጠገቡ ሣር ብቻ ነው ያለው።»

ድንገት እጇን አነሳች። «ዝም በሉ። በቀኝ በኩል የሆነ ነገር ተነፈሰ።»

«እሺ፣ አሁን ደግሞ ተራው ያንቺ ነው» አለ ቶርኪል እየሳቀ። «ምንድን ነው? ዝሆን?»

«እውነቴን ነው። እየቀረበ ነው።»

«መልኩ ይቀዘቅዛል ወይስ ይሞቃል?»

ተናግሮ ሳይጨርስ ዶልፊን የምትመስል አጭር ጥቁር እንስሳ ክንዱ ሥር ጀርባዋን አውጥታ «ፉፍ!» አለችበት። ቶርኪል «እናቴ!» ብሎ ሊያያት ወደ ውኃው ዘመም አለ። ካያኩም አብሮት ዘመመ። ሁለቱም ባሕር ገቡ።

የመንሳፈፊያ ሰደርያ ለብሰው ስለነበር እንደ ቡሽ ብቅ አሉ። ቶርኪል ጨው ውኃ እየተፋ «አየኋት! አየኋት!» ይላል። ቦዲል ሳቅ ትንፋሽ አሳጥሯት «እኔ ቀድሜ ሰማኋት!» ትላለች። ማረን እየጮኸች ደርሳ ጎትታ እስክታወጣቸው ድረስ በዚሁ ሲከራከሩ ነበር።

በማግስቱ ከሌሎቹ ተለይተው የድሮውን የፖስታ መንገድ ያዙ። እኔም ለቅጣት ሻንጣቸውን ጭኜ ተከተልኳቸው። በየደጁ ይቆማሉ። ቶርኪል ዛሬ የሚናገረው ጥቂት ነው፣ ያም ተመርጦ።

«ቀጥሎ የመርከበኛው ቤት ነው» አለች ቦዲል። «ቢጫው።»

«ሰማያዊ ሆኗል።»

ትንሽ አሰበች። «ሰማያዊ አያምርበትም።»

«ጨርሶ አያምርበትም» አለ።

«የፖስታ ሣጥኑስ?»

«አለ፤ ዝጓል። የተጻፈበት ስም ግን ሌላ ነው።»

«እስቲ አንብብልኝ።»

አነበበላት። ስሙን ሁለት ጊዜ በከንፈሯ ደገመችውና እግሯን ፔዳሉ ላይ መለሰች። «ተመዝግቧል፤ ንዳ።»

ከሰዓት በኋላ እጄ ስለዛለ ጥያቸው ወደ ማረፊያችን ተመለስኩ። እነሱ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ሙሉ ቀን ፈጀባቸው። ማረን ሦስት ጊዜ ደወለች፤ ሦስቱንም ጊዜ «ገና ያልደረስንባቸው ቤቶች አሉ» አሏት። ሲመጡ ገበታው ተነስቶ ነበር። ማረን የእነሱን ድርሻ ዓሣ ማን እንደበላው ጠየቀች። ቦዲል አፍንጫዋን ወደኔ አዙራ አንዴ ሳብ አደረገችና «አስገር ነው» አለች። ከዚያ ዳቦና ቅቤ አስመጥታ ለቶርኪል ቆረሰችለት፣ ለራሷም ቆረሰች። እኔ እጄን ብዘረጋም እንዳላየች ሆነች።