የዘለልኳቸው ሁለት ድምፆች

የሙዚቃ መምህራችን በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ “ማንዶሊን የሚችል አለ?” ብለው ሲጠይቁ እጄን አወጣሁ። እንዳወጣሁም ጸጸተኝ።

ክልሉ ገና መቋቋሙ ነበር። በአሶሳው የመምህራን ማሠልጠኛ ወንበር እንኳ ለሁላችንም አይበቃም፤ ማንዶሊን ደግሞ ያለው አንድ ብቻ ነው። መምህሩ፣ ዓርብ ዕለት ሰባቱን የላ ማይነር ስኬል ድምፆች ሳይሳሳት ወጥቶ የወረደ ተማሪ ማንዶሊኑን ዓመቱን ሙሉ ይይዘዋል፣ ሌላው ከሰሌዳ ይማራል አሉ። ከሰሌዳ መማር አልፈለግኩም። እጄን አውጥቼ አለመቻል ደግሞ ከዚያም ይብስብኝ ነበር።

እኔ በባምባሲ ሰፈራ መንደር ያደግኩ የወሎ ልጅ ነኝ። ማንዶሊን የለመድኩት በመንደራችን የኪነት ቡድን፣ በጆሮዬ ነው። ኖታ አላውቅም።

ሰኞ ዕለት ክፍሉ ፊት ሞከርኩ። ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ላ። መምህሩ በጣታቸው ሲቆጥሩ አየኋቸው።

“ሰባት ድምፅ ነው ያልኩህ። ሬና ሶል የት አሉ?”

ተማሪው ሳቀ። የአገራችን ዜማ በአምስት ድምፅ ስለሚሄድ ጣቶቼ ሁለቱን መዝለል ለምደዋል። የባሰው ግን ስዘል አለመስማቴ ነው። ስሕተቱ ልክ ሆኖ ይሰማኛል። ታዲያ በምን አርመዋለሁ?

ማክሰኞም ረቡዕም ያው ሆነ። ማንዶሊኑ ቁም ሳጥን ውስጥ ስለሚቆለፍ ከትምህርት በኋላ በቀኝ ክንዴ ላይ በግራ ጣቶቼ እየጫንኩ እለማመድ ነበር። ዶርም ከጎኔ የሚተኛው የክፍል ጓደኛዬ የአሶሳ ዙሪያ የበርታ ልጅ ነው። አማርኛን የተማረው ትምህርት ቤት ገብቶ ነው፤ ሲናገር አይቸኩልም። ሦስት ቀን ክንዴን ስጫን አየኝና ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ነገርኩት።

“አንተ ሁለት ሰው ገድለሃል” አለኝ።

እነሱ አገር በሠርግ ቀን የቅል ጡሩንባ ይነፋል። አንድ ሰው የሚነፋው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማው የሚወጣው ሁሉም ተራውን ሲጠብቅ ነው። አንድ ሰው ከቀረ ቦታው ባዶ ይሆናል፣ ሁሉም ዞሮ ያየዋል። ይህን ካስረዳኝ በኋላ አምስት የዶርም ልጆች ጠርቶ ከዶርሙ ፊት ካለው ማንጎ ሥር በመስመር አቆመን። ለእያንዳንዳችን በአፋችን የምናወጣው አንድ አንድ ድምፅ ተሰጠን። ሬን እሱ ያዘ፤ ሶልን ለእኔ ሰጠኝ።

“ተራህ ሲመጣ ዝም ካልክ እመታሃለሁ” አለ።

ሁለቴ ተመታሁ። ሐሙስ ማታ እራት እስኪደወል ድምፁን ተቀባበልን። ሶል ጋ ስንደርስ አሁን ማንም ሳይመታኝ አፌ ቀድሞ ይከፈት ጀመር፤ ያኔ ነው መስማት የጀመርኩት።

ዓርብ ማንዶሊኑን ተቀብዬ የክር መምቻውን ያዝኩ። ስወጣ ሰባቱንም አገኘሁ። ስወርድ ሶል ላይ ዘገየሁ እንጂ አልዘለልኩም። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው፣

“በአራት ቀን ማን አስተማረህ?” አሉኝ።

“እርስዎ” ብል ደስ እንደሚላቸው ገባኝ። አፌ ላይ ደርሶም ነበር። እውነቱ ማንዶሊኑን እንዳያስቀርብኝ እየፈራሁ በጣቴ ጓደኛዬን አሳየኋቸው። ስለ ጡሩንባውና ስለ ሰልፉም ነገርኳቸው። እሱን አስነሡት።

“ቲቸር፣ እኔ ክር ነክቼ አላውቅም” አላቸው።

“እሱም ሬን አያውቅም ነበር” አሉና በመረከቢያው ወረቀት ላይ የሁለታችንንም ስም ጻፉ።

ግማሽ ዓመት ብቻ የደረሰኝ መሰለኝ። ማንዶሊኑን ተቀብዬ ስወጣ ክሮቹን እንዴት እንደሚይዝ ላሳየው ቃል ገባሁለት፤ በልቤ ግን ይበልጠኝ ይሆን ብዬ ሰጋሁ። ለመብለጥ አሥር ቀን በቃው።